ሰሊጡ እስኪነሳ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት
የሰሊጥ አጫጆቹን ቁርስ አብስዬ አውጥቻለሁ። ድስት አጠባ ይቀረኛል። ደሙ ዛሬም አለ። የወር አበባዬ ከቆመ ቆየ፣ ባሌም ከሞተ ቆየ። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ፣ ደብተሬ? ሙቀቱ ነው አልኩ። የመተማ ሙቀት የማያደርገው የለም።

ጥቅምት 9
አብራኝ የምታበስለው ዘነበች ጨርቅ ስደብቅ አየችኝ። ድሮ መተማ ከተማ መጠጥ ቤት ትሠራ ነበር። ያኔ የጤና ባለሙያዎች በር ድረስ እየመጡ የመጠጥ ቤት ሴቶችን ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ይጠሯቸው ነበር አለች። የማህፀኗን በር አቸቶ ቀብተው አዩዋት፣ ነጭ ነገር ተገኘባት፣ ወዲያው አከሟት፣ ዳነች። አንቺም ሂጂ አለችኝ። ተቆጣሁ። እኔ በትዳር የኖርኩ ሴት ነኝ። ከመጠጥ ቤት ሴቶች ጋር ተሰልፌ ብታይ የካምፑ ሰው ምን ይላል?

ጥቅምት 14፣ ከምሳ በኋላ
ወገቤን። አሁን ሽታም አለው። ታጥቤም አይለቅም። ሰው ሲጠጋኝ እሸሻለሁ። ፈራሁ።
አሞኛል፣ ገንዳ ውሃ ጤ/ጣቢያ ልድረስ አልኩት የአጫጆቹን አለቃ፣ ካቦውን። አጨዳው ሳያልቅ አይሆንም፣ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል አለ። እውነቱን ነው። ምኔን እንዳመመኝ ግን አልነገርኩትም። ለወንድ እንዴት ይነገራል?

ጥቅምት 15
ኩርፊያዬን ትቼ ዘነበችን ጠየቅኋት። መጠጥ ቤት ረግጬ የማላውቅ ሴት፣ ይሄ በሽታ ከየት ይመጣብኛል? አልሳቀችብኝም። የባልሽ ሥራ ምን ነበር አለች። ትራክተር ሹፌር አልኳት። ደመወዝ ሲቀበል የት ያመሽ ነበር? አለች።
ሹፌሮች የት እንደሚያመሹ ማን ያጣዋል። ከወንዱ ይመጣል፣ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል አለችኝ። እሷን በር ድረስ መጥተው ጠሯት። እኔን እዚህ በረሃ ድስት ሳማስል ማንም አልጠራኝም። ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ይሆን? በጊዜ ደርሼበት ይሆን ወይስ ጊዜው አልፎኛል?

ጥቅምት 17፣ ረፋድ
ውሃ ያመጣው ቦቴ እያራገፈ ነው። ሲመለስ ይወስደኛል። ካቦው ከሄድሽ አትመለሺ ብሏል። ድስቱን ዘነበች ትይዝልኛለች። ጨርቅ ደራርቤ ታጥቄአለሁ፤ እስከ ገንዳ ውሃ ይበቃኝ እንደሁ እንጃ። መጠጥ ቤት ነበረች ቢሉኝም ይበሉኝ። ሰሊጡም ይርገፍ። ሞተሩ ተነሳ። ዘነበች እየጠራችኝ ነው፤ ልሂድ።