መዝገቤ ያላወቀው የዱባ ፍሬ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነው የጻፍኩት፤ ጡረታ የወጣሁት ከማስተማር እንጂ ከማረም አይደለም። ቤቱ ደህና ነው። ስኳር አሁንም ከቀበሌ ሱቅ በኮታ ነው፤ የአንቺን ድርሻ ስለቀነሱብኝ ሻዩን ሳልወድ ለመድኩት። ልጃችን ሰናይት ሴት ልጅ ወለደች። ቁርጥ አንቺን ናት፤ ስትቆጣም ጭምር።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ተይዘሻል።

ተማሪዬ የነበረው ዶክተር የደም ካንሰርሽ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት መሆኑን የነገረን ቀን ትዝ ይልሻል? በደምሽ ውስጥ መዳቡ በዝቶ ዚንኩ አንሶ ነበር። እነዚህ ማዕድናት እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ሚዛናቸው ሲዛባ ግን ሰውነት ከውስጥ እንደ ብረት ይዝጋል አለን። እኔም የኬሚስትሪ መምህር ነኝና፣ አዲሱ ገበያ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የማይዝገው ዚንክ ስለተቀባ መሆኑን አስረዳሁሽ። «እንግዲያው ቆርቆሮ አልብሰኛ፣ መምህር!» ብለሽ ሰልፈኛውን ሁሉ አሳቅሽው።

ዶክተሩ ምግብ በሽታውን እንደማያድን አልደበቀንም። ሆኖም የምትበዪውን እንድመዘግብ ጠየቀኝ። መዘገብኩ፤ በሦስት ቀለም አሰመርኩ። የንስሐ አባትሽ ከጾም ቢፈቱሽም አሻፈረኝ አልሽ፤ ስለዚህ ምስርና ሽምብራውን በማንኪያ እየለካሁ አቀረብኩልሽ። መዝገቡ እንዳይበላሽም መክሰስ ከለከልኩሽ። ከወራት በኋላ ዚንክሽ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ ሳይቀር ስለ ምስሬ ንግግር አደረግሁ። አንቺ አፍሽን በነጠላ ሸፍነሽ ትሰሚ ነበር። በኩራት እንባ የያዘሽ መስሎኝ ነበር።

ከአራት ወር በፊት ሸማኔው ጎረቤታችን የሽመና ዕቃውን ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሲያዛውር ላግዘው ሄድኩ። ተቀምጦ ሲሠራ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ስንጠርግ የወጣው የዱባ ፍሬ ልጣጭ ግማሽ ጆንያ ሞላ። ሚስቱ ብርቄ መጥረጊያዋን ጥላ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ሚስት ሥራ ነው!» አለችኝ። ጥጥ ልፈትል እያልሽ ከሰዓት በኋላ እነሱ ቤት የምትሄጂው፣ የተቆላ የዱባ ፍሬ ልትፈለፍዪ ኖሯል። «መምህር የለካልኝን በላሁ፤ አሁን ያልተለካ ስጪኝ» ትዪያት ነበር አሉ። ሸማኔውም የጣልሽው ልጣጭ እግሩ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ እንዳላየ ሆኖ ይሸምን ነበር። ለካ ያኔ በነጠላሽ የሸፈንሽው ሳቅ ነው!

የዱባ ፍሬ ደግሞ ዚንክ አለው። ለተማሪ ሁሉ ስነግር የኖርኩት ነገር ነው።

ሁለት ቀን ጨነቀኝ። መዝገቡ ዶክተሩ ዘንድ ነው፤ ለሌሎች ሕሙማን ቤተሰቦች ያሳየዋል። ብናገር፣ የገዛ ሚስቴ የምትበላውን እንዳላወቅሁ ማመኔ ነው። ዝም ብል፣ የሆነ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት መክሰስ ትከለከላለች።

ሄጄ ነገርኩት። ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ምስሩ ይሁን ፍሬው ዚንኩን ከፍ ያደረገው ማወቅ አይቻልም አለኝ፤ እኔም ትክክለኛ መልስ ነው አልኩት። ከዚያ ቀይ እስክርቢቶዬን አውጥቼ በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ጻፍኩ፦ «ማረሚያ። ከሰዓት በኋላ የዱባ ፍሬ፤ መጠኑ ያልታወቀ፤ በደስታ የተበላ። መክሰስ አትከልክሉ።»

ብርቄ የሰጠችኝን ያልተቆላ ፍሬ አጥሩ ሥር ዘራሁት። ሐረጉ የማድቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዛገውን ቆርቆሮ ሸፍኖታል፤ አበባው ቢጫ ነው። ከሰዓት በኋላ እነብርቄ ቤት፣ አንቺ ትቀመጪበት የነበረው በርጩማ ላይ ሆኜ ከብርቄ ጋር እፈለፍላለሁ። መጀመሪያ ልጣጩን እቆጥር ነበር፤ ተውኩት። እስክንገናኝ ድረስ አስብሻለሁ፣ የሺዬ፤ ሳልለካ።

ባለቤትሽ፣
መምህር