ቅቤ ነው አልኳት

ኅዳር 4 ቀን 1962፣ ቡታጅራ

ዛሬም ሰገራ፣ ዛሬም ወስፋት። ሠላሳ አንድ ሰው መረመርኩ፤ ሃያ ስድስቱ ባለትል። ማይክሮስኮፑ ፀሐይ ካላገኘ አያሳይም፤ ደመና ሲመጣ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። የላምባው ፍሪጅም እንደ ልማዱ ጠፍቶ አደረ። ሥራ ነው ይሄ?

እትዬ አሰፋሽ የቡላ ገንፎ ይዛልኝ መጣች። የጤና ጣቢያችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ካልመገበችኝ አይሆንላትም። ከእንሰት እንዴት እንደሚወጣ ልትነግረኝ ስትጀምር "ተይኝ እባክሽ፣ ልብላበት" አልኳት። ሳቀች። ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጠህ አንድ ነገር አልጠየቅክም አለችኝ። እውነቷን ነው። እንሰት የማያውቅ የአንኮበር ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ዝውውሬ ይምጣልኝ እንጂ።

ኅዳር 7

ምንም። ዝውውርም የለም።

ኅዳር 11

ከሰዓት በኋላ አንዲት አራስ በቃሬዛ አመጡ። ዘይባ ትባላለች። ከወለደች አሥራ ስድስት ቀኗ። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ቀድሞም ትል ጨርሷታል። ጣቷን ወግቼ ያወጣሁት... ደም ነው ይሄ? ውሃ መሰለኝ። እግሯ አብጧል። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቁጭ ብላ ነው የምትተነፍሰው። ከታናሽ እህቴ አትበልጥም።

ጤና መኮንናችን አዳነ ልቧን ብዙ አዳመጠ። ደም ካላገኘች ሦስት ቀን አትቆይም፣ አዲስ አበባ እንውሰዳት ብንል መኪናው ላይ ትቀራለች አለ። ደሙን እንዳለ ብንሰጣትም አይሆንም። ልቧ ደክሟል፣ ያን ሁሉ ፈሳሽ አይችልም፤ ሳንባዋ በውሃ ይሞላል። የሚያስፈልጋት ቀዩ ብቻ ነው።

"ትለይልኛለህ?" አለኝ።

ጎንደር ስማር ሠርቼዋለሁ። እንዳይረጋ መድኃኒት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ደሙን መቅዳት፣ ማቆም፣ መተው። ቀዩ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ቢጫው ውሃ ላይ ይቀራል፣ እሱን ስቦ ማውጣት። በቃ። እለያለሁ አልኩት። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ... ለአንድ ቀን ከሰገራ መውጣቴ ነዋ።

ኅዳር 12

እንደሆነው ልጻፈው።

የባሏ የሸረፋ ደም ገጠማት። ረመዳን ነው፤ ጾሙን እንደያዘ ሰጠ። መርፌውን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሦስት ሰዓት ላይ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት።

እናቷ ሀሊሜ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አማርኛዋ ብዙ አይደለም። የባሏን ደም ምን ልታደርገው ነው አለችኝ። እንዴት ላስረዳት? እናቴ ወተት ስትንጥ ትዝ አለችኝ። "ቅቤ ከአሬራ እንደሚለየው ነው፣ እናቴ። ደሙም ይለያል። ለልጅሽ ቅቤውን ነው የምንሰጣት" አልኳት። ፊቷ በራ። ገባት። እኔም ባነጋገሬ ደስ አለኝ... አይ እኔ!

ስድስት ሰዓት ላይ ባልቻ መጣ፣ አስተማሪው ጓደኛዬ። ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ማኅበሩ እሱ ቤት። ጠርሙሱን አየሁት፤ ላዩ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ቢጫ ወጥቷል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለኝም። ሀሊሜን ማንም እንዳይወስደው ጠብቂልኝ፣ አደራ ብያት ሄድኩ። ከተማው በጭስ ታፍኗል፣ ኅዳር ሲታጠን። አንድ ጠላ፣ ሁለት ጠላ... ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጠርሙሱ በሻሿ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ወዲህ ወዲያ ትለዋለች፤ ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ እንደ ደንበኛ ናጭ። ጾመኛ ናት፤ ከንፈሯ በጥም ተሰነጣጥቋል።

"ልጄ፣ አንተ ትተኸው ሄድክ። እሷ ትንፋሽ አጣች። እኔ ናጥኩት። ብዙ ናጥኩት። ቅቤው ለምን አይወጣም?"

ተቀበልኳት። አረፋ ብቻ። ደክሞሻል፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ አልኳት። መረቀችኝ። እኔን!

እንደገና አቆምኩት። ጠበቅኩ። ላይ የቀረው ውሃ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀይ ሆነ። ሲናጥ ቀዩ ፈርሷል ማለት ነው፤ ለሰው አይሰጥም። አዳነ መጥቶ አየው። "አንተ የት ነበርክ?" ብቻ አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የእኔም ደም ይገጥማታል። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠላ ጠጥቻለሁ ስለው አዳነ ዝም በል አለኝና ቀዳኝ። ለመለየት ግን ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋት ይደርሳል... ትደርስልኝ ይሆን?

ኅዳር 13

ዘይባ ሞተች። ሊነጋጋ ሲል፣ ቁጭ እንዳለች፣ የእናቷ ደረት ላይ ተደግፋ።

ላቦራቶሪ ስገባ የእኔ ጠርሙስ ቆሟል። ላዩ ቢጫ፣ ታቹ ቀይ፣ መካከሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እንዲህ አምሮ ሲለይ አይቼ አላውቅም። አውጥቼ ደፋሁት።

ሬሳውን ሊወስዱ ሲሉ እናቷ ወደ እኔ መጣች።

"በደንብ ስላልናጥኩት ነው?"

አይደለም እናቴ፣ ቀኗ ደርሶ ነው አልኳት። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ኅዳር 20

አሰፋሽ ቁርስ አመጣችልኝ። አልበላሁም። ለሟች ነው የምታዝነው ወይስ ለራስህ? አለችኝ። ለሁለታችንም። ለእናቷም። አደራ ያልኩት እኔ፣ ቅቤ ያልኩት እኔ። "አትንኪው" የምትል አንዲት ቃል... እንዴት ከአፌ ጠፋች?

ታኅሣሥ 5

ኢድ ካለፈ በኋላ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። አሰፋሽ መንገድ መራችኝ፤ ሁለት ሰዓት በእግር። አላህ ያጽናችሁ አልኳቸው። ሸረፋ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። የራስህን ደም እንደቀዳህላት ሰምተናል ብሎ አመሰገነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... ሕፃኗ ደህና ናት፣ የላም ወተት ይሰጧታል።

ሀሊሜ ጓሮ ነበረች፣ እንሰቱ ውስጥ። ሄድኩላት። ሰላም ተባባልን። የእንሰት ቅጠል የለበሰ ገበቴ አየሁና ምንድን ነው አልኳት። ቅጠሉን ገለጥ አደረገችልኝ። ድፍርስ ውሃ ነው፤ እንሰቱ ሲጨመቅ የወጣ። ልነካው እጄን ዘረጋሁ።

"አትንካው" አለች። "ቡላ ነው። ከነኩት አይለይም። ዝም ሲሉት ነጩ ታች ይተኛል፣ ውሃው ላይ..."

አልጨረሰችውም። ገበቴውን አየች። ከዚያ እጇን አየች።

"ደሙም እንዲህ ነበር?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ታዲያ ለምን ቡላ አላልከኝም?"

አላውቅም ነበር አልኳት። ሁለት ዓመት በልቼዋለሁ፣ እንዴት እንደሚወጣ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አላለቀሰችም። ቅጠሉን መልሳ ከደነችው፤ ውሃው እንዳይነቃነቅ ቀስ ብላ። ሂድም አላለችኝ፣ ቁጭ በልም አላለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 6

አዎ ባልላት ይሻል ነበር? እስክትሞት እጇን እያየች ልትኖር ነው። በዋሸኋትስ... በመጀመሪያም ዋሽቻታለሁ። ምን ጠቀማት?

ታኅሣሥ 19

አሰፋሽን ጠየቅኳት። ከመፋቁ ጀምራ እስከ ገንፎው ነገረችኝ። አላቋረጥኳትም።

ጥር 9

የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ወልቂጤ። ኪሴ ውስጥ ነው፤ ለአዳነ እስካሁን አላሳየሁትም።

ትናንት ሌላ አራስ አመጡ። ያው ትንፋሽ ማጠር፣ ያው እግር። ባሏ ደም ሰጠ፣ ጠርሙሱን አቆምኩት። አማቷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ግቢ አልኳት። ጠርሙሱን አሳየኋትና "ቡላ ነው" አልኳት። ገብቷት ራሷን ነቀነቀች፤ በርጩማዋን ከጠረጴዛው ራቅ አደረገች። ምሳ አልሄድኩም። ሁለታችን ቁጭ ብለን ስናየው ዋልን። ማታ ቀዩን ብቻ ሰጠናት።

ዛሬ ጠዋት ስገባ አራሷ ተኝታለች። ጋደም ብላ፣ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ። አዳነ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዘይባ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልተኛችም።