ምንሽሩና ጦሳ ዳገት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ ማስታወሻዬ፤ ዛሬ የሰው ባጃጅ ሸራ ቀደድኩ። ገራዶ ካለው የሚሊሻ ሥልጠና ስመለስ ነው። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ያነገትኩት ረጅም አሮጌ ጠብመንጃ፣ ምንሽሩ፣ ግን አልተቀመጠም። አፈሙዙ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሾፌሩ ዞሮ «እትዬ፣ እርስዎስ አጎነበሱ፣ እሱን ማን ያጎንብስልን?» አይለኝም! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀልጠፍ ያሉት ክላሽ ወሰዱ። ለእኔ የተረፈኝ ይኼ ግንድ። ቤት ወስዳችሁ ክብደቱን ልመዱት ተብለናል። ጥይት የለውም፣ ተመስገን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። ማንገቻው ትከሻዬን ልጦታል። ቅዳሜ ጠብመንጃ ተሸክሞ ጦሳ ተራራን መውጣት አለ። ያቃተው ይሰናበታል፣ በምትኩ ከቤቱ ሌላ ሰው ይመጣል። ከእኛ ቤት ማን? ባለቤቴ ሰዒድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ፈረቃ ላይ። የቀሩት አማቼ አባባ ይመር፤ ልባቸው ደክሞ ሐኪም ዳገት የከለከላቸው! እሳቸው ግን በእኔ ፈንታ ለመሄድ ቋምጠዋል። ምንሽሩን እንደ ሙሽራ ይወለውሉታል።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ትርንጎ ደግሞ በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣ አማት ቁጭ ብሎ ምራት ትዘምታለች እያለ ሰፈሩ ያማል አለችኝ። ሰፈሩ ማለት እሷ ናት። ያውም አባባ እየሰሙ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ከሰዓት

ሥልጠና የለም። አሠልጣኛችን 50 አለቃ ዘንድ ባዶ እጄን ሄጄ በክላሽ ቀይሩልኝ ብል የለም አለ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ!» ብቻ። አብሽሪ ክብደት ይቀንሳል እንዴ?

ቤት ስመለስ አባባ ይመር ምንሽሩን አንግተው ግቢውን ይዞሩታል። በሩጫ! ልጮህባቸው ስል ደረጃው ላይ ዝርፍጥ አሉ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ውኃ አጠጣሁ፣ አንገታቸውን ደገፍኩ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ዘሀራ፣ ለሰዒድ እንዳትነግሪው።»

«አይደገምም ይበሉኝ።»

ፊታቸውን ወደ ምንሽሩ አዞሩ።

«በአላህ ይበሉኝ፣ አባባ!»

«አንቺ ጦሳን ከወጣሽው ምንሽሩን አልነካውም፣ ወላሂ። ካቃተሽ ግን እሄዳለሁ።»

ግትር! ሄጄ ማጀት ውስጥ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ጠዋት

ወሰንኩ። በትከሻ አይሆንም። ልጆቼን ያሳደግኩበትን አንቀልባ ከሣጥን አወጣሁ፤ ምንሽሩን አዝዬው ነው ጦሳን የምወጣው። ሰደፉ ወገቤ ላይ፣ አፈሙዙ ከአናቴ በላይ። 50 አለቃው ይቆጣ፣ ትርንጎም ትሳቅ። አሁን ግቢ ውስጥ ሞከርኩት፤ አባባ ይመር በመስኮት እያዩ አኩርፈዋል። ነገ ከጦሳ ስወርድ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ከሰዒድም ከትርንጎም በፊት ላንቺ ነው የምነግርሽ።