ድጎማው ወደ እኔ ስም ዞሯል

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጉልበትሽ መታጠፍ ጀመረልሽ? እህቴ በደወለች ቁጥር «ደህና ናት» ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤት ቢቃጠልም ደህና ነን የምትል ሰው ናት። እኔ ደህና ነኝ። የአባዬን ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

እማዬ፣ አንቺ ለሕክምና ከተማ ከሄድሽ ወዲህ ዓይኑ ጨርሶ ደክሟል። ከጥላ በቀር አያይም። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ስለነበር አፌን ይዤ ቆየሁ። ማረሱም ማረሙም እኔ ላይ ወድቋል።

ባለፈው ሳምንት የድጎማ ተቆጣጣሪ የሆኑ አንዲት ሴትዮ መጡ። የመንግሥት ድጎማ የሚከፈለው መሬቱን ራሱ ለሚያለማ ገበሬ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እሱ ከቀረ ዘርም የፓምፕ ነዳጅም የለንም። አባዬ የተተኮሰ ሸሚዙን ለበሰ። ምርኩዝ ባቀብለው «ሽማግሌ ልታስመስይኝ ነው?» ብሎ ወረወረው።

ማሳውን ልናሳያቸው ወጣን። እኔ ከፊት ሆኜ፣ ለእሳቸው የምናገር መስዬ «ቦይ አለ፣ ይጠንቀቁ፤ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ» እያልኩ ለአባዬ መንገድ እነግረዋለሁ። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው፣ ስለ ድንቹም ስለ ዝናቡም እያወራ ይንጎራደዳል። አለፈልን ብዬ ነበር።

ማሳው ጫፍ ላይ ሴትዮዋ ጫማቸው ውስጥ የገባ ጠጠር ሊያወጡ ወደ ኋላ ቀሩ። አባዬ አላወቀም። ፊቱን ወደ አጥሩ እንጨት አዙሮ፣ ፈገግ ብሎ፣ «እርስዎም የገበሬ ልጅ ይመስሉኛል» አለው። እንጨቱን፣ እማዬ።

ሴትዮዋ እኔን አዩኝ። ከዚያ እጆቼን አዩ። «እዚህ ነኝ፣ አባባ» አሉ በቀስታ።

አባዬ ባለበት ደርቆ ቀረ።

አልተቆጡም። ግን «እርስዎ ያርሳሉ ብዬ መፈረም አልችልም» አሉት። «የምታርሰው ልጅዎ ከሆነች ድጎማው ወደ እሷ ይዙር። ለአምስት ዓመት እዚሁ እየኖረች ለማልማት ግን መፈረም አለባት።»

«አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። «እሷ አግብታ ሂያጅ ናት! መሬቱ ጦሙን ይደር!» ሊከለክለኝ እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ፈለገኝ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ፈረምኩ።

ለቀናት አኮረፈኝ። ትናንት ጠዋት ግን በር ላይ ጠበቀኝና «በይ እጄን ያዢኝ፤ ድንቹን ልዳስሰው» አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እያየን ተያይዘን ወረድን። አፈሩን ጭሮ አንዱን አወጣና አገላብጦ ሲዳስሰው ቆየ። «ከእኔ ይሻላል» አለ።

እንግዲህ ሳትድኚ እንዳትመጪ። በእኔም አትዘኚ፤ ማንም አላስገደደኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፋርማሲስቱ ሊጠይቅሽ ሲመጣ ሰላም በይልኝ። ለሁለታችን ያየውን ቤት ገና ካልተከራየው፣ አይቸኩል በይው። ከተከራየው ደግሞ፣ መስኮቱ ፀሐይ የሚያስገባ ከሆነ፣ እሱ ይኑርበት።

ፈጣሪ እግርሽን ያጽናልን። በራስሽ ጉልበት ተራምደሽ ለደጃችን ያብቃሽ።

ታናሽ ልጅሽ