ምስሉ የቆመበት እሑድ

ይድረስ በጣም ለምወድሽ፣ በዚህ ሳምንት ግን በጣም ለተናደድኩብሽ እህቴ ለእታለም፤

ከንዴቴ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመም ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ቀና ስትዪ ቀስፎ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ደህና ነው? የትንሿ ጥርስ በቀለ? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? እግሯ አሁንም አልታዘዝ እንዳላት ነው? እህልስ ትቀምሳለች? እኔን ብትጠይቂኝ ሥጋዬ ደህና ነው፤ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤትም እንደ ልማዱ ወረቀት ሲጎርስና ሲተፋ ይውላል። ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስጮህ እማዬ እንዳትሰማኝ ብዬ ነውና፣ ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

እሑድ ከሰዓት በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ፣ አጎቶቻችንና የአክስት ልጆች ሁሉ በሚሰሙበት፣ አንዲት ዕቃ ማስተካከል አቅቶህ እናታችንን አስለቀስካት ብለሽ በድምፅ ላክሽ። ጥሩ። ከዚያ በኋላ ማን ዝም አለ? ስልኩን በወጉ መዝጋት የማያውቀው አጎታችን እንኳ ምክር ሰጠኝ። አጥፍተህ አብራው አለኝ! ስምንት ሳምንት ሙሉ ሳጠፋና ሳበራ የከረምኩትን ሰውዬ አጥፍተህ አብራው!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ስሚ። የቤተ ክርስቲያናችን ላፕቶፕ ያለው ከመዘምራኑ ሰገነት ላይ ነው፤ እማዬ በላከችው የከፋይ ጨርቅ ላይ በክብር ተቀምጦ፣ ካሜራው ተሰክቶበት፣ የእሑዱን አገልግሎት በቀጥታ ያስተላልፋል። እናንተ ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ያንን ነው። ድሮ ደህና ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ መንተባተብ ይጀምራል፤ ድምፁ ከከንፈሩ ይቀድማል፣ ከዚያ ምስሉ ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጽሕፈት ቤቱን ጸሐፊ ነው። ሳምንቱን የምትሠራበት እሷ ናት፤ ከፍታ የማትዘጋው ገጽ አርባ አንድ ደርሶ አገኘሁት፣ ግማሹ የጫማ ገበያ። ሁሉንም ዘጋሁ። የምእመናኑ የሠርግ ቪዲዮ ሆዱን ሞልቶት ነበር፤ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ አጠፋሁለት። አፕዴት የሚባለው ነገር ልክ አገልግሎት ሲጀመር ራሱን ሲያወርድ ደረስኩበት፤ ለሰኞ ቀጠርኩት። ዋይፋዩ ይሆናል ብዬ ከቢሮው እስከ ሰገነቱ ገመድ ጎተትኩ፣ ሽማግሌዎቹን እንዳይጠልፋቸውም በምንጣፍ ሥር አሳለፍኩት። የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግኩት፤ ቄሱን በጢማቸው ካልሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ። እሱ ግን ግማሽ ሰዓቱን ጠብቆ ቀጥ!

የኮሚቴውን ሊቀ መንበር ታስታውሻቸዋለሽ፣ ሁላችንም በሌሉበት አቶ ይቆይ የምንላቸውን። ባለሙያ ይጠራ ስል ይቆይ። ሌላ ላፕቶፕ እንዋስ ስል ይቆይ። የማያቆዩት ነገር ቢኖር ነቀፌታ ብቻ ነው፤ እሱን በየእሑዱ በሰዓቱ ያደርሱልኛል። አንዲት እናት ደግሞ ይህ የጠላት ሥራ ነው አሉኝ። ጠላት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ምን ያስጠብቀዋል ብዬ ብመልስላቸው ተቀየሙኝ።

ያቺ እሑድ መጣች። ለሕሙማን የሚጸለይበትን የስም ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእማዬን ስም ከሁሉ በላይ፣ በትልቁ፣ ቄሱ ያለ መነጽር እንዲያዩት አድርጌ። እሷም ቅዳሜ ደውዬ ስነግራት፣ ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት ቤት ስሜን ሊጠራ ነው ብላ እንደ ልጅ ነው የተደሰተችው። ቄሱ ወረቀቱን ገለጡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋን እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ምስሉም እዚያው ቆመ። ሲመለስ ሕዝቡ አሜን እያለ ነበር። የተቀዳውም እዚያው ላይ ስለተቆረጠ የማሳያት ማስረጃ የለኝም። እኔ ግን በእነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ስሟ ተጠርቷል፣ መጀመሪያም ተጠርቷል።

በንዴቴ፣ የድምፅ ማጉያውን የምትቆጣጠረዋን ሴት፣ ስልክሽን እዚህ ሶኬት ላይ ሰክተሽ ነው ያቆምሽው ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። ምንም ያላጠፋችውን ሴት! ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ላፕቶፑን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያስተላልፍ አንዴም አልተንተባተበም፤ ቤት ሲያቃስት አድሮ ሐኪም ፊት እንደሚጫወት ልጅ አዋረደኝ። ጠጋኙ የሚቀመጥበትን ቦታ ልየው አለና አብሮኝ መጣ። እንደ ወትሮው አስቀምጬ ከፈትኩለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁን ከሥሩ ሰደደና ቶሎ መለሰው። ላፕቶፕ የሚተነፍሰው በሆዱ ነው አለኝ፤ አየር ከሥሩ ይስባል፣ ሲታፈን ይግላል፣ ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። አንተን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ዳገት ሩጥ ብልህ ትሮጣለህ ወይ ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የእማዬ ከፋይ ነው፣ እታለም። እኔ መግባት ካልቻልኩ እጄ ይግባ ብላ፣ ያንን ሁሉ የወርቅ ክር በደከመ ዓይኗ የጠለፈችው። ችግሩ የጀመረው እሱ በደረሰ ሳምንት መሆኑን አሁን ስቆጥር ነው ያየሁት። ማሽኑ እንዳይቧጨር ብለሽ በከፋዩ ውስጥ የተሰፋውን ጥጥ እጥፍ ያስደረግሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ! እኔም አሰብኩ ብዬ፣ ለክብር ደርቤ አጥፌ አነጠፍኩት። ሦስታችን ተባብረን አፈንነው። ድምፅ የምትቆጣጠረዋን ሴት ትናንት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይቅር ብላኛለች፣ ፊቷ ግን ገና ነው።

ይህ ሁሉ ይሁን። ስድብሽንም እውጠዋለሁ። የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። እማዬ ስሜን አልሰማሁም ስትልሽ፣ ምናልባት ረስተውሽ ይሆናል አልሻት አሉ። እንዴት ከአፍሽ ወጣ? እግሯ ከድቷት ቤት የዋለችን ሴት፣ ረስተውሽ ይሆናል? ትልቋ ልጅሽ ናት የነገረችኝ፤ እንዳትቆጫት። ከእንግዲህ አጥፉት፣ አላይም ያለችው ምስሉ ስለቆመ አይደለም፣ ያንን ቃል ስለሰማች ነው። ላፕቶፑን እኔ አስተካክያለሁ። ያንን ግን የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ፣ ሌላ ጠጋኝ የለውም።

አሁን ላፕቶፑ በሁለት የጣውላ ቁራጭ ላይ ነው ያለው። ትናንት ባዶውን አዳራሽ ሦስት ሰዓት አስተላለፍኩ፤ ዝንፍ አላለም። ከፋዩን ግን ሣጥን ውስጥ ልከተው እጄ አልሄደልኝም። ቄሱ የሚያነቡበት አትሮንስ ላይ ልዘርጋው ብዬ አቶ ይቆይን ጠየቅኋቸው። ይቆይ አሉ። አላቆየሁትም፤ ፊታቸው ዘረጋሁት። ቄሱ መጥተው ጥልፉን በጣታቸው ዳሰሱና የማን እጅ ነው አሉ። ስነግራቸው፣ እሑድ ስሟን እንደገና ከሁሉ አስቀድመው ሊጠሩ ቃል ገቡልኝ። ካሜራውንም ወደ አትሮንሱ አቅርቤዋለሁ። ከእንግዲህ ምስሉ ቢቆም እንኳ የሚቆመው በእሷ ጥልፍ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ ሹፌር ቅዳሜ ይደርሳል። ከፋዩ ማሽኑን እንዳፈነው ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ። እሑድ ጠዋት እምቢ ብትልም ወንበሯን አዙሪና ቴሌቪዥኑን ክፈቺው።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ በዚያ ግሩፕ ላይ ዝም ያለው ሰው እሱ ብቻ ነውና አክብሮቴ ጨምሯል። ትልቋን ልጅሽን ሁለት ጉንጯን፣ ትንሿን ደግሞ፣ በቅሎ ከሆነ፣ ያንን አዲስ ጥርሷን ሳሚልኝ። ለአጎታችን፣ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ በይው። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን አታድርሺ። እሑድ ራሷ ታየዋለች።

ተቆጥቶም የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓዳ፣ ከወረቀት ካርቶን ላይ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን