ውሃ ላይ ሰው አለ?

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለጥሩብርሃን፤

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እማስ፣ ግራ እጇ ትንሽ ታዘዘላት? ሌሊት ታስተኛሻለች ወይስ አሁንም እየተጣራች ታስነሳሻለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ልልሽ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ናፍቆቱ ራሱ በርትቶብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስንደዋወል እማ አጠገብሽ ስለማትጠፋ አንቺ «ደህና ነን» ትያለሽ፣ እኔ «በጣም ያምራል» እላለሁ፣ በቃ እንዘጋለን። ስለዚህ ይህን ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ጪጩ፣ ቤታችን ደጅ ላይ ቁጭ ብለን የሞያሌን አውቶቡስ ስናይ እንደተመኘነው፣ ያው አስፋልት ሞያሌ፣ ከዚያም ናይሮቢ አደረሰኝ። ከናይሮቢ ሌላ አውቶቡስ ይዤ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ በጀልባ ተሻግሬ ዲያኒ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ገባሁ። እማ ቦርሳውን ጀርባዬ ላይ ስታይ «የምታራግፊበት ከሌለሽ ሸክም ይዘሽ ምን ያዞርሻል?» ብላኝ አልነበር? መንገድ ላይ ያስቆመኝ ፖሊስም ከእማ አይሻልም። ፓስፖርቴን ገልጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው አይደል አለኝ። ፏፏቴ አይቼ ልመለስ ነው ስለው ጓደኛውን ጠርቶ ሳቁብኝ። ሐበሻ ለሽርሽር ይህን ያህል ይሸከማል ብሎ የሚያምን አጣሁ።

ባሕሩን ያየሁት ሊመሽ ሲል ነው። «ጥሩዬ፣ እይው!» ብዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ኮኮናት የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ የጠራሁት እሱን መስሎት የአንዱን አናት ቆርጦ ሰጠኝ፣ ምን ላድርግ፣ ከፍዬ ጠጣሁት። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ባሕሩ የለም! እስከ ሩቅ ድረስ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ያሳደረችኝን ሴትዮ ባሕሩ የት ሄደ ብዬ ብጠይቃት ጎረቤቶቿን ሰብስባ አሳቀችብኝ። ለካ በየቀኑ እየሸሸ ይመለሳል። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ እስከ እርጅናዬ መሳቂያሽ አድርገሽኝ ትቀሪ ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፣ ክፍሌ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ምግቡም እንዲሁ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ እስካሁን አልሞትኩም፣ የበላሁት ሁሉ ግን ጣዕሙ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ትናንት ከባሕሩ ወደ ላይ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ደን ሄድኩ። ዝሆን ስላለበት ጠመንጃ የያዘ የደን ጠባቂ አብሮ ይሄዳል። ዛፉ እንደኛው ትልልቅ ነው፣ እርጥበቱም ያገራችን ነው። ሥሩ ግን እንሰት የለ፣ ቡና የለ፣ ጭስ የሚወጣበት ቤት የለ። እኛ ዘንድ ጫካ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ሰው የሌለበት ጫካ እንዲህ ዝም እንደሚል አላውቅም ነበር።

የፏፏቴው ድምፅ ሲሰማኝ እግሬ በራሱ ቆመና በአማርኛ «ውሃ ላይ ሰው አለ?» ብዬ ጮህኩ። ትዝ ይልሻል አይደል? ከቤታችን ቁልቁል ያለው ውሃ ላይ አንዳችን ስንታጠብ አንዳችን አፋፉ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ መንገደኛ መጥቶ ሲጣራ «አለ፣ ቆይ!» ብለን ስንመልስ፣ ከዚያ «ተራሽ ነው» ተባብለን ስንቀያየር? ጠባቂው ደነገጠ። ዝሆን አለ፣ ማንን ነው የምትጠሪው ብሎ በሹክሹክታ ተቆጣኝ። ነገሩን ሳስረዳው ሳቅ ብሎ፣ ማንም የለም፣ ውረጂ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ አለኝ። ወረድኩ። ውሃው ከላይ ሲወርድ በጣም ያምራል፣ ይህን በስልክ ስነግርሽ አልዋሸሁም። ግን ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁና ከዚያ ማለፍ አቃተኝ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሞልኝ ሳለ የሚጠብቀኝ እንደሌለ ተሰማኝ፣ አለቀስኩ። ጥሩዬ፣ ይህን ጉዞ ያቀድነው ሁለታችን ነን። እማ ስትታመም «ሂጂ፣ ለእኔም እይልኝ» አልሽኝ። ሞከርኩ፣ ለሰው ማየት ግን አይቻልም።

እንደ እቅዳችን ከዚህ ወደ ማሊንዲ ከተማ መቀጠል ነበረብኝ። ብቀጥል ግን ክረምቱ ያልቃል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ሁለታችንም ክፍላችን ገብተን ማስተማር ነው፤ የአንቺም ጉዞ ለከርሞ ይባላል። እማን እያየሁ «ለከርሞ» የሚባለውን ነገር እፈራዋለሁ። ስለዚህ ነገ ወደ ቤት እነሳለሁ። ቦርሳውን አጥቤ አመጣልሻለሁ። አብረን ያወጣነው ፓስፖርትሽ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእማ ነጠላ ሥር አለልሽ። እማን ማገላበጡንም ሌሊት መነሳቱንም ለእኔ ተዪው። እምቢ እንዳትዪኝ፣ እቆጣለሁ።

እማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሸክሜን የማራግፍበት አግኝቻለሁ በያት። የአጎታችን ልጅ ሀኒ ሰላም ትሁን፣ ዛጎል ይዤላታለሁ። ጎረቤታችንን ጋሽ ፈለቀን፣ ያዋሱኝ ጃንጥላ በደህና ይመለሳል ብለሽ ሰላም በዪልኝ። ኤልሳ የሚለኝ ሰው እዚህ ስለሌለ አንቺ ቶሎ ጥሪኝ።

ተራሽ ነው፣ ውረጂ። አፋፉ ላይ እኔ አለሁ።

እህትሽ ኤልቤቴል
ዲያኒ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.