የካናዳ ዝይዎችህ ረቱ

ይድረስ ለመስፍኔ፣ ለቤቴ አባወራ፤

ከተለየኸን የጆበርግ ብርድ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ሄደ። ጤናህን አልጠይቅም፤ አንተ ያለህበት ሕመም የለም። እኔ ግን ይህን ወሬ ይዤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ እጽፍልሃለሁ። ረትተሃል፣ የኔ ጌታ! ዝይዎችህ ረቱ!

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቮስሎሩስ ሰፈር ያለው ሱቃችን ደኅና ነው። በሩን ሰማያዊ ቀባሁት፤ አንተ አረንጓዴ ይሻላል ትል ነበር፣ ግን ሰማያዊው አምሮበታል። ዕቃ ለማምጣት መሀል ከተማ፣ ጄፒ ገበያ የምወርደው አሁን ራሴ ነኝ፣ መኪናውን እየነዳሁ። አትሳቅ። ማዶ የሚኖሩት አሮጊት፣ ጎጎ የምንላቸው፣ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ እስከ ዛሬ «ባባ የት ሄደ?» ይሉኛል። ስንነግራቸው አልቅሰው ነበር፣ ግን ይረሱታል፤ እኔም ሲጠሩህ ደስ ስለሚለኝ አላርማቸውም። ልጃችን ሕሊና ነርስ ሆናለች። አማርኛዋ አሁንም ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

ሰው ሁሉ «ባልሽ ለምን የካናዳ ፖስታ ይሰበስብ ነበር?» ይለኛል፤ እኔም መሳቅ እጀምራለሁ። ካናዳ ማመልከቻህን ስትመልስብህ ሌላ ሰው ቢሆን ስሟንም አይጠራ ነበር። አንተ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው አንድ ካርቶን የካናዳ ፖስታ ተሸክመህ ከች አልክ። «እነሱ ካላስገቡኝ እኔ አስገባቸዋለሁ» አልክና ጠረጴዛዬን ወረስከው።

እኔ ተራ ፖስታ መስሎኝ ነበር። አዲስ ቴምብር በወጣበት በዚያው ዕለት ማኅተም የተመታበት፣ ከጎኑም ሥዕል የታተመበት መሆኑን ያስረዳኸኝ አንተ ነህ፤ የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ይባላል አልከኝ። ድሮ ሥዕሉን የሚያትሙት በየከተማው ያሉ ግለሰቦች ነበሩ። ገሚሱ ስሙን ከሥሩ ያሰፍራል፣ ገሚሱ ዝም ይላል። የዝምተኞቹን ስም ፈልጎ ማግኘት ነበር ያንተ ደስታ።

ከሁሉም እንቅልፍ የነሣህ የዝይዎቹ ፖስታ ነበር። ሐይቅ ላይ የሚበሩ ዝይዎች፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ስም የለም። አንተ ግን የላባውን አሣሣል ደጋግመህ አይተህ፣ ይህ በአንዲት ትንሽ ከተማ ማተሚያ ቤት የነበረው፣ የባቡር ሥዕል ያለበትን ሌላ ፖስታ በስሙ ያወጣው ሰው ሥራ ነው አልክ። የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ረጅሙ ሽማግሌ፣ በደግ አንደበት «ምናልባት» አሉህ። ጽሑፍህን ለካናዳ ሰብሳቢዎች መጽሔት ብትልክ «ማስረጃ ይምጣ» ተብሎ ተመለሰ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እያልክ ቀጠልክ። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ስለ ዝይዎቹ ታወራኝ ነበር። ሳይረጋገጥልህ ሄድክ፤ እኔን እንደ እሱ የቆጨኝ ነገር የለም።

አሁን ስማኝ። ሦስት የዝይ ፖስታ ነበረህ፣ ሦስቱም እንደ ታሸጉ። የታሸገ መክፈት ላንተ ነውር ነበር። ለቅሶህ ላይ ግን ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ እትዬ ብርቄ ሰው የሚያዋጣውን የሚያኖሩበት ፖስታ ፈለጉ። እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ፤ ማንን ይጠይቁ? መሳቢያህን ሳቡት። አድራሻ ያልተጻፈበት፣ ንጹሕ፣ ሥዕል እንኳ ያለው ፖስታ አገኙ። ሙያቸውን ታውቃለህ፤ እንዳይቀደድ ብለው ክዳኑን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላቀቁት። ውስጡ ያለውን ወፍራም ወረቀት አውጥተው መሳቢያው ውስጥ አኖሩ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ላይ፣ ዝይዎቹ አጠገብ፣ «የአቶ መስፍን ለቅሶ» ብለው በእስክሪብቶ ጻፉበት። በትልልቅ ፊደል!

አርባህ ካለፈ በኋላ ሳየው ጮህኩ። እትዬ ብርቄ ደንግጠው «ልጄ፣ ባዶ ፖስታ አሽጎ የሚያስቀምጥ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እድር ላይ ፖስታ ማለት ገንዘብ መያዣ ነው።

እያለቀስኩ፣ አወጣሁት ያሉኝን ወፍራም ወረቀት ልመልስ መሳቢያውን ሳብኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ መስፍኔ! ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሰማያዊ ባቡር አለ። ግማሽ ባቡር፣ ጠምዘዝ ብሎ የታተመ። ሰውየው የተበላሸበትን የባቡር ኅትመት አልጣለውም፤ ቆራርጦ የዝይዎቹን ፖስታ ማጠንከሪያ አድርጎታል። እኛስ ሱቅ ውስጥ የብስኩት ካርቶን ቆርጠን ዋጋ እንጽፍበት የለ? ዓይኔ እያየ ገባኝ።

ለሊቀመንበሩ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አደረጉ፣ አውልቀው አደረጉ፤ ከዚያ «አንድ ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው በኋላ ከቶት ይሆናል» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አንተም ብትሆን እንዲሁ ትል ነበር። የቀሩትን ሁለት ልከፍት አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ስለታሸጉ የምትሳሳላቸውን እኔ ልፈታቸው አልቻልኩም። ስለዚህ ሕሊና ካናዳ ላሉ ሰብሳቢዎች ጻፈች፤ ዝይዎቹ ያሉት ሰው ካለ፣ ክዳኑም ተላቆ ከሆነ፣ እባካችሁ ውስጡን እዩልን ብላ። መልስ ሲዘገይ እኔ ስንቆራጠጥ «ማሚ፣ ሪላክስ፣ ይመልሳሉ» ትለኛለች። በሕመምህ ጊዜ «ይድናል» ስትለኝ የነበረው በዚሁ ድምፅ ነውና ይበልጥ ፈራሁ።

መልሱ የመጣው ሱቅ ውስጥ እንቁላል እየቆጠርኩ ሳለ ነው። የአንዲት የካናዳ አሮጊት ፖስታ ክዳኑ ገና ሲገዙት ተላቆ ኖሯል፤ ማጠንከሪያውን አውጥተው ፎቶ ልከዋል። የባቡሩ ፊት! የእኛ ኋላው ነው። ሕሊና የሁለቱን ፎቶ በስልኳ ጎን ለጎን አስጠጋቻቸው። ሐዲዱ ከሐዲዱ፣ ጭሱ ከጭሱ፣ መቀሱ የተወላገደበት ሳይቀር ገጠመ። አንድ ሰው በአንድ መቀስ የቆረጠው አንድ ወረቀት፣ ግማሹ ካናዳ፣ ግማሹ ቮስሎሩስ! እኔ ስጮህ አንዱ ደንበኛ «ሲሲ፣ ሎቶ ደረሰሽ?» አለኝ። ደርሶኛል አልኩትና አቀፍኩት።

ጽሑፍህ በዚያው መጽሔት ወጣ። ከላይ ስምህ ከነአባትህ ተጽፏል። ያልከውን አንድ ቃል አልነካንም፤ የባቡሩን ፎቶ ብቻ ጨመርንበት። ዘንድሮ ደግሞ ሊቀመንበሩ ራሳቸው እየለመኑን ስብስብህን በከተማው የቴምብር ትርኢት ላይ አስገቡት። የለቅሶውን ፖስታ መሐል ላይ አደረግነው። ሰው ሁሉ ከዝይዎቹ አጠገብ ያለው ፊደል ምንድነው ይላል፤ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው እዚያው ቆመው «እሱ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው» እያሉ በሕሊና ያስተረጉማሉ። ከሰዓት በኋላማ ፎቶ አብረዋቸው የሚነሡ ሰዎች ተሰለፉ።

የትርኢቱ የወርቅ ሜዳሊያ ላንተ ሆነ። ሊቀመንበሩ ስምህን ሲያነቡ ምላሳቸው ተሳሰረ። ሕሊና ተነሥታ ማይኩን ተቀበለቻቸውና ስምህን ከነአባትህ፣ ጥርት አድርጋ፣ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል ጠራችው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እልልታዬ አመለጠኝ። እዚያ ጸጥ ባለ የሽማግሌ ጉባኤ መሐል እልል አልኩ፣ መስፍኔ! ሰው ዞሮ ሲያየኝ አፈር ብዬ አፌን ልይዝ ስል፣ ጥግ ላይ ሻይ የሚቀዱት የሶዌቶ እናቶች ትሪያቸውን አስቀምጠው ከኔ አስበልጠው እልልታውን መለሱልኝ። ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ አንዲት ሴት በሰውዋ መኩራቷን ግን አውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ማፈር ቀረ፤ አቀለጥነው።

ከእንግዲህ ያን ፖስታ የሚያጠና ሁሉ ስምህን ያነባል። እኔ ግን የማስታውስህ በመጽሔት አይደለም። ሻይህ እየቀዘቀዘ በማጉያ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብለህ፣ ቀና ሳትል «ጽጌ፣ ነይ እዪ» ትለኝ ነበር፤ ለኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ እሱ ነው። መነጽሩን ለማንም አልሰጠሁም። እሑድ እሑድ ተራዬን እየጠበቅሁ አይደለም አሁን፤ እኔው ይዤው እቀመጣለሁ፤ እስክመጣልህ ድረስ ላንተም ጭምር አያለሁ።

ያንተው ጽጌ